ቋጠሮውን እዩልኝ

መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ዘቢዳር ተራራ ስታዘነብል፣ ቡታጅራ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከአዲስ አበባ የገባው ገና ሻንጣውን አልፈታም፣ ግን ለበሬው ዕዳ ሒሳብ ይተሳሰባል። ልጆቹ አደይ አበባ ለቀማ ሜዳ ወርደዋል። ማጀት ውስጥ ቅቤው ይነጠራል፣ ሚጥሚጣው ይለካል፣ ቆጮው ይጋገራል። ሥራ ፈቱ እኔ ብቻ ነኝ። በአንድ ግቢ አጥር ሥር ቁጢጥ ብዬ የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት እያየሁ ነው።

ሽማግሌው ችቦ ያስራሉ።

ስለ መስቀል ብዙ ተብሏል፤ ስለ ደመራው ቁመት፣ ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ስለ ክትፎው ጣዕም። በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህማ የሚወራው ጨምሯል። በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ስለ ችቦ እስር አንድ ቃል ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። ለብዙዎቻችን ችቦ ከመንገድ ዳር ገዝተን፣ ለኩሰን፣ ጨፍረንበት የምንጥለው ጭራሮ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ እኒህን አውራ ጣቶች እስካይ ድረስ።

ነገሩ የሚጀምረው ከክረምቱ ነው። መስቀል ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ የሚደርስ በዓል ስለሆነ፣ በጉራጌ ደጋ መስከረም ላይ የቆመ ዛፍ ሁሉ ውኃ የጠገበ ነው። ስለዚህ የችቦው እንጨት ቀደም ብሎ ይቆረጥና ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ፣ በጭስ ይደርቃል። የሽማግሌው ምርጫ ክትክታ ነው። ክትክታ እርጥቡ እንኳ እሳት የማያሳፍር ቁጥቋጦ ነው፤ ነበልባሉ ደማቅ፣ ፍሙ ጽኑ። ከቆጡ የወረደውን እያንዳንዱን እንጨት በሁለት ጣት ይዘው ጫፉን ይሰብሩታል። «ቀጭ» ካለ ወደ ቀኝ፣ ተለምጦ ከታጠፈ ወደ ግራ። ወደ ግራ የሄደው ለነገ ምድጃ ይሆናል፤ ለዛሬ ማታ አይታመንም።

ከዚያ ድርድሩ ይመጣል። አንድ ቀጥ ያለ፣ አውራ ጣት የሚያህል እንጨት መሐል ይቆማል፤ ርዝመቱ የሰው ቁመት ከነክንዱ ነው። ቀጫጭኖቹ ዙሪያውን ያለብሱታል። ሽማግሌው ሁለት እንጨት በአንድ መስመር አያስጀምሩም። አንዱ ከላይ ከጀመረ ቀጣዩ ስንዝር ዝቅ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ዝቅ። መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ከተገናኙ ችቦው ወገቡን እዚያ ላይ ይሰበራል። ደህና ግንበኛ የድንጋዩን መጋጠሚያ በሌላ መጋጠሚያ ላይ እንደማያሳርፈው ነው። በአናቱ ደቃቅ ስንጣሪና ደረቅ ሣር ጣል ይደረጋል፤ እሱ የክብሪቱ ድርሻ ነው።

ሠሪ ከሠሪ የሚለየው ግን እስሩ ላይ ሲደረስ ነው። የላይኞቹን አምስት እስሮች የሠሯቸው ከሦስት ቀን በፊት ነበር፣ ውኃ ውስጥ ባደረ ልጥ። እርጥብ ልጥ ሲታሰር ልል ይመስላል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። ጥፍሬን ላስገባ ብሞክር ክፍተት አጣሁ። ርቀታቸውም እኩል አይደለም። ከአናቱ በኩል አንዱ እስር ከሌላው ስንዝር ተኩል ያህል ይርቃል፤ ወደ እጀታው ሲወርዱ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ዓይናቸው የሳታቸው መስሎኝ ጠየቅኳቸው።

«ላዩ ይተንፍስ፣ ታቹ ይታፈን» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። አየር ያገኘ እንጨት ይንቦገቦጋል፤ አየር ያጣ ቀስ ብሎ ይበላል። አናቱ እንደተለኮሰ ተቀጣጥሎ ሰፈሩን ማብራት አለበት። እሳቱ ወደ እጅ ሲቃረብ ደግሞ አደብ መግዛት አለበት። የእሳቱን እርምጃ የሚመትረው እንግዲህ በእስርና በእስር መካከል ያለው ርቀት ነው። እኒህ ሰው ስለ አየርና ስለ ነበልባል ያላቸውን እውቀት የጻፉት በልጥ ነው፤ ማንበብ የሚቻለውም ሲቃጠል ነው።

በየእስሩ ላይ ቋጠሮ ፈለግኩ፤ የለም። ልጡ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ጫፉ በራሱ ጥምጥም ሥር ገብቶ ተስቧል። ዳር እስከ ዳር መዳፌን ባንሸራትትበት የሚጎረብጥ ነገር አልነካኝም። ያልጎረበጠ ነገር ደግሞ ነበልባሉ ቀድሞ የሚይዘው ጫፍ የለውም፤ እሳት እንደ ሌባ ነው፣ የተንጠለጠለ ነገር ይወዳል።

«አባባ፣ ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ለሚቃጠል እንጨት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለሚቃጠል ነው እንጂ! የማይቃጠለውማ ቢበላሽ ነገ ይጠገናል፣ ልጄ።»

የቀረው የመጨረሻው እስር ነው፤ እጅ ከሚይዘው ቦታ በላይ የሚያርፈው። ለእሱ ልጥ አይጠቀሙም። ከጉያቸው አንድ ጉንጉን ቃጫ አወጡ። ቃጫ የእንሰት ልጅ ነው። ሴቶች የእንሰቱን ቅርፊት በሰሌዳ ላይ አጋድመው ለቆጮው ሲፍቁት ሥጋው ይወርዳል፣ ነጩ ጭረት ይቀራል። ከአንድ ተክል ምግቡም፣ ምንጣፉም፣ መጠቅለያውም፣ ገመዱም ይወጣል። ክትፎው የሚቀርብበት ቅጠል ከዚያው ነው፤ ክትፎው ላይ የሚመጣው ቆጮም ከዚያው። ሽማግሌው ቃጫውን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው እያሸከረከሩ ገመዱን አጠነከሩት፣ ችቦውን ሦስት ጊዜ አዞሩበት፣ በቋጠሮ ፋንታ ሸምቀቆ አበጁለት። ለምን ሸምቀቆ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማወቅ የነበረብኝ ነገር ያ ነበር፤ ለማወቅ እስከ ማግስቱ ጠበቅኩ።

የችቦ እስር ትምህርት ቤት የሚጀመረው ከደመራው ዕለት አስቀድሞ ነው። በቤተ ጉራጌ መስከረም 14 ማታ ደንጌሳት ነው፤ የልጆች እሳት። ያን ምሽት የሚበላው ጎመን ክትፎ ነው፤ እርዱ በማግስቱ፣ በወኸምያ ዕለት ይደርሳል። ልጆቹ እጃቸው የቻለውን ያህል ጭራሮ ሰብስበው፣ ያገኙትን ጠምጥመው፣ በየደጁ ይለኩሳሉ። የልጅ ችቦ ይበተናል። አንዱ መንገድ ላይ ይዘረገፍበታል፣ ሌላው ገና ሳይጨፍር ይከስምበታል። አባት ወይም አጎት ቆሞ ያያል እንጂ አያስርለትም። በሁለተኛው ቀን ያው ልጅ ከትልቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ እንዴት እንደሚታሰር ሲያይ ታገኙታላችሁ። ከሽማግሌውም አጠገብ አንድ ነበር፤ ቅንድቡ ጫፉ ላይ ለብለብ ያለ፣ ሥራውን እንደ ፈተና ወረቀት ትክ ብሎ የሚያይ።

ሲጨልም ወጣን። በገጠሩ ሰልፉ የሚያልፈው በጀፎረ ላይ ነው፤ በየመንደሩ መሐል በተዘረጋው ሰፊ ሣር ለበስ ጎዳና። ቡታጅራ ውስጥ በአስፋልትና በኮረኮንች ነው። ደመራው መሐል ላይ ቆሟል፣ አናቱ በአደይ አበባ ተጠምጥሟል። እኔ ከሽማግሌው የተሰጠኝን ችቦ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከሰፈሩ ሰው ኋላ ገባሁ።

አናቱ ሲለኮስ እንደተባለው ሆነ። ሣሩ «ፉ» አለ፣ ስንጣሪው ተቀበለው፣ ክትክታው አንዴ ተንጣጥቶ ጸና። ዓይኔን ከመጀመሪያው እስር ላይ አልነቀልኩም። ነበልባሉ ደርሶ ላሰው፤ ልጡ ጠቆረ እንጂ አልለቀቀም። በላዩ ያለው እንጨት ፍም እስኪሆን ድረስ ይዞ ቆየና፣ ሥራውን ሲጨርስ ብቻ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ፍሙ ወደ ውጭ ተፈናጥሮ መሬት ላይ ረገፈ። ሁለተኛው እስር ተራውን ያዘ። እንዲህ እያለ እስር በእስር እየወረደ አካባቢውን ሁለት ጊዜ ዞርንበት።

ይህን ሳይ አንድ ያለፈ ዓመት ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ከመንገድ ዳር አንድ ያማረ ችቦ ገዝቼ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ተላጦ የነጣ፣ ጫፉ በመጋዝ የተስተካከለ። የታሰረው ግን በላስቲክ ሲባጎ ነው። ላስቲክ ነበልባሉ እስኪደርስበት አይጠብቅም፤ ሙቀቱ ብቻ ያቀልጠዋል። መቶ እርምጃ ሳልሄድ እስሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ለቀቁና እንጨቱ እንደ ተገለበጠ የአበባ እቅፍ እግሬ ሥር ተዘረገፈ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ያኔ ጥፋቱን የጣልኩት በእንጨቱ ላይ ነበር።

ደመራው ተለኩሶ ሲወድቅ፣ ሰው ሁሉ ወደ የት አቅጣጫ ወደቀ እያለ ሲከራከር፣ እኔ ወደ ዳገቱ ወጣ ብዬ ዞሬ አየሁ። ወደየሰፈሩ የሚመለሱት ችቦዎች በጨለማው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ሰዎቹ አይታዩም፤ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታየው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ከፍ ዝቅ እያለ። ለዓይኔ የመጣው ጀልባ ነው።

ጀልባን በብርሃን አስጊጦ በሰልፍ መውጣት በሌላው ዓለም የታወቀ የበዓል ልማድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በኒውፖርት ቢች ወደብ በ1908 እ.ኤ.አ. ጆን ስካርፓ የተባለ ጣሊያናዊ ጀልበኛ በጃፓን ፋኖስ ያደመቃትን ጎንዶላ እየመራ፣ ስምንት ታንኳ አስከትሎ በሌሊት ወጣ። ዛሬ እዚያ በፈረንጆች ገና ሰሞን በየዓመቱ በአምፖል ያሸበረቁ ጀልባዎች ይሰለፋሉ። እኛም ዘንድ ሩቅ አይደለም። ከቡታጅራ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ባቱ ይደረሳል፤ በጥምቀት ሰሞን ታቦታት በደምበል ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲጓዙ ይታያል። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ዳር ቆሞ በእልልታ ይቀበላል። የጉራጌን ተራራ ተሻግሮ ቆላ የወረደ ሰው ያን ሲያይ የመስቀልን ማታ ሳያስታውስ አይቀርም።

ችቦና ጀልባን ግን የሚያገናኛቸው ከብርሃኑ ይልቅ እስሩ ነው። የጣናን ታንኳ ያየ ያውቀዋል። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶ ከነዶ ይሰፋል። አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ውኃው በመሐሉ ይገባል ይወጣል፤ የማይሰምጠው ደንገሉ ራሱ አየር ስለያዘ ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ውኃ እንዳይገባ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው ነዶው እንዳይላላ ነው። ውሎ ሲያድር ደንገሉ ውኃ ይጠግባልና ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ይሞቃል። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ዕቃ ነው። ችቦ የአንድ ማታ፣ ታንኳ የአንድ ወቅት፤ ሁለቱም ጭራሮና ገመድ ናቸው፤ አንዱ እሳት ይሸከማል፣ አንዱ ውኃ ይረግጣል።

ገመዱ ምን ያህል እንደሚመዝን የጣናው ደንገል ራሱ በባሕር ማዶ ተፈትኖ አሳይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» ያላትን የደንገል ጀልባ ግብፅ ውስጥ ሲያሠራ ደንገሉ የመጣው ከጣና ሐይቅ ነበር። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልበኞች ነበሩ። ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክ ላይ ከ50 ቀን በላይ ተጓዘች፤ ወደ ባርቤዶስ ስትቃረብ ግን ኋላዋ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ነዶዋ ተፈታታ፣ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። የጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የጀልባውን ጭራ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዝ አንድ ገመድ አለ፤ እሱ ተዘልሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት «ራ ሁለት»ን ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች አሰሯት። ደንገሉ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ነው። በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ሁለቱን ጀልባዎች የለያያቸው እጅና ገመድ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፣ ስለ ማበር ስንመክር። ተረቱ ግን የድሩን ማበር ነግሮን፣ ድሩን ስለገመደው ሰው ዝም ይላል።

ያ ዝምታ ቤታችን ውስጥም አለ። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወልቂጤ ደርሶ ወደ ሰባት ቤት መንደሮች የገባ ሰው፣ ከድሮዎቹ የሣር ቤቶች አንዱ ውስጥ ተጋብዞ ከተቀመጠ፣ ክትፎው እስኪመጣ ቀና ብሎ ይይ። ምሰሶው መሐል ላይ ብቻውን ቆሟል። ከወገቡ በላይ ድጋፎች ወደ ዙሪያው ይፈነጠቃሉ፤ የተዘረጋ ጃንጥላን ከውስጥ እንደማየት ነው። ድጋፎቹ ወራጆቹን ይይዛሉ፣ ወራጆቹን ማገሩ ክብ በክብ ያቅፋቸዋል፤ ማገርና ወራጅ በተገናኙበት ሁሉ አንድ እስር አለ። እኔ በተቀመጥኩበት ቤት ቆጥሬ አልጨረስኩም፤ መቶ ላይ አንገቴ ደከመኝ። ጢሱ ዓመት ከዓመት ለብሶት ሁሉም ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ እንደ ተወለወለ ቀንድ። ልዩነታቸውን ግን ይይዛል። ከበሩ በላይ ያሉት እስሮች ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው፤ ከመደቡ በላይ ያሉት ወደ ግራ። ሁለት ሰው ነው የሠራው፤ አንዱ ግራኝ ነበር ማለት ነው። ስሙን ማንም አያውቅም፣ ግራኝነቱ ግን ጣሪያው ላይ አለ።

ስሙ ያልቀረው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። በጉራጌ እንጨት የሚጠርበውን፣ ቤት የሚሠራውን ሰው «ፉጋ» በሚል የንቀት ስም ስንጠራ ኖረናል። መሬት አልነበረውም፣ እንሰት አይተክልም፣ ጋብቻ ከሌላው ጋር አይቆጠርለትም። ምሰሶውን አቁሞልን ከምሰሶው ሥር አላስቀመጥነውም። ጣና ላይም እንዲሁ ነው፤ ታንኳውን የሚያስሩት ወይጦዎች በአካባቢያቸው ሰው ዘንድ ሲገለሉ ኖረዋል። ወንዙም ሐይቁም ተሻግሮ አገሩ በአንድ ነገር ተስማምቶ ነበር፤ በሠሪው እጅ እየተጠቀመ ሠሪውን መናቅ። የእጅ ሥራን ላደንቅ ተቀምጬ ይህን ብዘል አድናቆቴ ግማሽ ይሆናል።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው፣ የሚለወጠው ግን በሁለት አቅጣጫ ነው። ንቀቱ ይቀንሳል፤ አብሮ ሙያውም ይቀንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ማገር አያስፈልገውም። የከተማ ክትፎ ቤት ጣባውንና የቀንድ ማንኪያውን አቆይቷል፣ ለጌጥም ቢሆን። ለችቦ እስር ግን ማሳያ መደርደሪያ የለውም። እስሩ በዓመት አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ያው ማታ አመድ ይሆናል። የሚቀጥለው አንድ ልጅ አጥር ሥር ተቀምጦ ካየው ብቻ ነው።

በማግስቱ፣ መስከረም 17 ጠዋት፣ ደመራው ወደነበረበት ቦታ ወረድኩ። አመዱ ገና ይሞቃል። ሰው ጣቱን እየነከረ ግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ አንዲት እናት ቆንጥራ በወረቀት ቋጠረች። ማታ ይዤው የገባሁትን የችቦ ጉማጅ ለማስታወሻ እንዲሆነኝ በብብቴ ይዣለሁ። ክንድ የማይሞላ ነው። አምስቱ የልጥ እስሮች በየተራቸው አልቀዋል። የቃጫው እስር ብቻ፣ ዳሩ ትንሽ ቢጠቁርም፣ እንዳለ ነው። እሳቱ እዚያ ሲደርስ በራሱ ከስሞ ነበር።

ሽማግሌውን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። ቅንድቡ የተለበለበው ልጅ ከኋላቸው አለ፤ ክንዱ ላይ አራት አምስት የቃጫ ጉንጉን አጥልቋል። ከሰላምታው በኋላ ዓይናቸው ወደ ብብቴ ሄደ።

«ገመዴን» አሉኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ጉማጁን ሰጠኋቸው። ማታውን ነበልባል ይዞ ያመሸውን፣ ሁለት ጊዜ ዞሬበት ያልላላውን ሸምቀቆ አፉን ፈልገው በሁለት ጣት ያዙትና አንድ ጊዜ ሳቡት። ሦስቱም ዙር በአንዴ ወለቀ፤ እንጨቱ መሬት ላይ ተበተነ። ቃጫውን አራግፈው፣ የጠቆረውን ጫፍ በጥፍራቸው ቆርጠው፣ ለልጁ አቀበሉት።

«ለከርሞ» አሉት።